አዲሱ ነጻ ሆኖ ሳለ ሰው በአሮጌው የሚቆየው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ በኋላም ሠራተኞቻችንን ወደ ዊንዶውስ 11 ማሸጋገር ፈተና ሆኖብኛል። ነጻ ነው፣ ደህንነቱ የተሻለ ነው፤ እነሱ ግን ‹ቆይ ይቺን ሥራ ልጨርስ› እያሉ ጊዜው ይነጉዳል። ስንፍና ነው ወይስ አለማወቅ? እንዴትስ ላሳምናቸው?»

ምላሽ፦

ሁለቱም አይመስለኝም። ሰዎቹ እያሰሉ ነው፤ ስሌታቸው ከእርስዎ ስለሚለይ ነው ስንፍና የሚመስለው። እርስዎ የሚቆጥሩት የተደፈነና ያልተደፈነ የደህንነት ቀዳዳ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የምታስበው ነገ ጠዋት ፕሪንተሩ ያትማል ወይስ አያትምም የሚለውን ነው። የአዲሱ ሲስተም ትልቁ ጥቅም አይታይም፤ ሳይደርስ የቀረ ጥቃትን አይቶ «ተመስገን» የሚል የለም። ጉዳቱ ግን፣ ካለ፣ በዚያው ቀን ይታያል፤ የሚወድቀውም እሷ ላይ ነው። «ቀይሩ» የሚለው አንድ ሰው፣ ሥራው ሲቆም አለቃ ፊት የሚቀርበው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ሁለተኛው ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከእኛ ከባለሙያዎቹ በስተቀር ኦፐሬቲንግ ሲስተም «የሚጠቀም» ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰው የሚጠቀመው ከላዩ የተጫነውን ነው። አንድ የደመወዝ ኮምፒውተር ቀረብ ብለን እንይ፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያልገጠመው የአይቲ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ተዘግቷል ወይም ሥራ ቀይሯል። ፕሮግራሙ የሚከፈተው ከኋላ ዩኤስቢ ላይ የተሰካች የፈቃድ ቁልፍ ካለች ብቻ ነው፤ ቁልፏ የራሷ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) አላት፣ ድራይቨሩ የተጻፈው ደግሞ ለአሮጌው ዓይነት፣ ለ32 ቢት ዊንዶውስ ነው። ደመወዝ መክፈያው የሚታተመው ካርቦን ባለው ቅጽ ላይ፣ በዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ነው። የቅጹን ርዝመት ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ፕሪንተሩ ሴቲንግ ውስጥ በእጁ አስገብቶታል፤ የትም አልጻፈውም፣ ሰውየውም መሥሪያ ቤቱን ለቋል። ከፕሮግራሙ የሚወጣው ፋይል ወደ ኤክሴል ይገባል፤ ኤክሴሉ ላይ ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚደጋግም ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ማክሮው ፋይሉን የሚፈልገው ዲ ድራይቭ ላይ ካለ አንድ ፎልደር ነው፣ ፎልደሩ ቦታውን ከቀየረ ይቆማል።

ኮምፒውተር ለዊንዶውስ 11 መድረሱን የሚያየው የፍተሻ መሣሪያ ይህን ማሽን አይቶ «ዝግጁ ነው» ሊል ይችላል። ያየው ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና የዲስኩን ቦታ ነው። ቁልፏን አያውቃትም፣ ቅጹን አያውቀውም፣ ማክሮውን አያውቀውም። ሠራተኛዋ ግን ታውቃለች። ለምን እንደሚሠራ ባታውቅም፣ ካልተነካ እንደሚሠራ ታውቃለች። የእሷ «ቆይ» የመጣው ከዚህ ዕውቀት ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን አለማወቅ ብለን እንጠራዋለን።

ፍርሃቷ ቴክኒካዊ መሠረትም አለው። ዊንዶውስ 11 የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ፕሮግራም ያስኬዳል፤ የ32 ቢት ድራይቨር ግን ወደ ከርነሉ፣ ወደ ሲስተሙ እምብርት፣ አያስገባም፣ የ16 ቢት ፕሮግራም ጭራሹን አይከፍትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ተነሥቶ የፈቃድ ቁልፉ ላይታወቅ ይችላል። ይባስ ብሎ ማሽኑ ላይ ያለው 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ከሆነ ከላዩ ማሻሻል አይቻልም፤ ዲስኩ ተጠርጎ ሁሉም እንደ አዲስ ይጫናል። የፕሮግራሙ ሲዲ ከጠፋ ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። በማክ በኩልም ታሪኩ ያው ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ካታሊና በተባለው የማክ ሲስተም የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ሙሉ በሙሉ ሲያቆም፣ የሚወዱት ፕሮግራም እንዳይጠፋባቸው በቀደመው በሞሃቪ ላይ የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለትዝታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ወጥቶ፣ ሰው ለምዶት፣ ፕሪንተሩም ስካነሩም ከእሱ ጋር ተስማምቶ ሳለ በጃንዋሪ 2007 ቪስታ ለገበያ ቀረበ። የግራፊክስ ድራይቨር አሠራር ተለወጠ፤ የብዙ መሣሪያ አምራቾች ድራይቨር አልደረሰም ነበር፤ በጊዜው የተለመደው ሚሞሪ አልበቃው አለ፤ ሴቲንግ በተነካ ቁጥር ስክሪኑ ጠቆር ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ይደቀናል። የገዛው ተማረረ፣ ያልገዛው ወሬውን ሰምቶ ባለበት ቀረ። በኦክቶበር 2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ግን ሕዝብ ወደደው። ከውስጥ ሲታይ 7 የቪስታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የቪስታ የውስጥ ቁጥር 6.0፣ የ7 ደግሞ 6.1 ነው። ተሻሽሏል፣ ቀለልም ብሏል፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ዋናውን ሥራ የሠራው ያለፈው ጊዜ ነው። በመካከሉ ድራይቨሮቹ ደረሱ፣ ፕሮግራሞቹ ተስተካከሉ፣ አዳዲስ ኮምፒውተሮችም በቂ ሚሞሪ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ታግሦ የቆየ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ምንም ድካም አገኘ።

በኦክቶበር 2012 ደግሞ ዊንዶውስ 8 የስታርት በተኑን አንሥቶ ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ባለ ካሬ ገጽ አመጣ። ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው በተን የት እንዳለ ለማስረዳት የድጋፍ ክፍል ስልክ ይጨናነቅ የነበረበት ዘመን ነው። በ8.1 በተኑ ተመለሰ፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ሜኑውም ተመለሰ። እንግዲህ ከኤክስፒ ወደ 7፣ ከ7 ወደ 10 የዘለለውን ሰው ያስቡት፤ ሁለቱንም ጣጣ ሳያይ አለፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ግን ልጡም አንዳንዴ እባብ ሆኖ ተገኝቷል።

የ2018ቱ ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ ማሻሻያ፣ ቨርዥን 1809፣ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነዶችና ፎቶዎች አጠፋ። ከተጎዱት ውስጥ ዶክዩመንትስ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውረው፣ በድሮው ቦታ ግን ፋይል የቀረባቸው ሰዎች ይገኙበታል፤ ማሻሻያው የድሮውን ፎልደር አያስፈልግም ብሎ ከነይዘቱ ጠረገው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞ በኖቬምበር እንደገና ለቀቀው። የሚገርመው፣ በነዚያ ጥቂት ቀናት ማሻሻያው ይደርስ የነበረው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ራሱ አፕዴት ለፈለገ ሰው ነበር። የተቀጣው ትጉሁ ነው፤ ቸል ያለው አመለጠ። ከዚያ በኋላ ሰውን «ቶሎ አዘምን» ብሎ መምከር እኔን ራሴን ያሳቅቀኝ ነበር።

በዚህ ላይ ኩባንያው በገዛ እጁ ያበላሸው አለ። ዊንዶውስ 10 ከጁላይ 2015 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በነጻ ሲሰጥ ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት የማትለቅ ምልክት ተቀመጠች፤ በየጊዜውም ማሳሰቢያ ይከፈታል። በ2016 ደግሞ ማሳሰቢያውን በኤክስ ምልክቱ መዝጋት የተያዘውን የማሻሻያ ቀጠሮ አይሰርዝም ነበር። ዘጋሁት ብሎ የሄደ ሰው ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ጠበቀው። በዚህ የተበሳጩ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ዊንዶውስ አፕዴትን ከነአካቴው ማጥፋት ነበር። ያኔ የቨርዥን ለውጡ ብቻ አልቆመም፤ በየወሩ የሚመጣው የደህንነት ፓችም አብሮ ቆመ። መልክ የሚለውጠውንና ቀዳዳ የሚደፍነውን በአንድ በር ሲያስገቡበት ተጠቃሚው በሩን ይዘጋዋል። ይህን ልማድ ያስያዘው ተጠቃሚው ራሱ አይደለም።

የእጅ ልማድ የሚባለውንም አይናቁት። ቀኑን ሙሉ ፋይል ስትገለብጥ የምትውል ጸሐፊ ሜኑ አታነብም፤ እጇ ቦታውን ያውቀዋል። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ በቀኝ ጠቅታ የሚመጣውን ሜኑ አሳጠረው፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ ሪኔም የሚባሉት ከዝርዝሩ ወጥተው ጽሑፍ የሌላቸው ትንንሽ ምስሎች ሆኑ፤ የቀረውን ለማየት አንድ ተጨማሪ ጠቅታ ያስፈልጋል። ይህ ለእርስዎ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ለእሷ ግን ሥራ በበዛበት ቀን በየፋይሉ መቆምና መፈለግ ነው፤ «ኮምፒውተር አትችይም እንዴ?» የሚል የሥራ ባልደረባም አይጠፋም። ሰው ከሥራ መዘግየቱ ይልቅ ጀማሪ መስሎ መታየቱን ይፈራል።

«ነጻ ነው» ያሉትን ግን እንደገና ያስቡበት። ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ጠየቀ። 8ኛው ትውልድ ገበያ የገባው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተገዛ፣ ምንም ያልጎደለው፣ ሥራውን የሚሠራ ኮምፒውተር በአንድ ቀን «አይመጥንም» ተባለ። የዚያ ማሽን ባለቤት አልዘገየም፤ በሩ ተዘግቶበታል። ለእሱ የማሻሻያው ዋጋ የአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ነው። ሆኖም «አይመጥንም» የሚለውን ሁልጊዜ እንዳለ አይቀበሉት። ብዙ ጊዜ ቺፑ አለ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መቆጣጠሪያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ያገኙታል። ከመንካትዎ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ይዩ፤ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ። አለበለዚያ ማሽኑ ሲነሣ ቁልፉን ይጠይቅዎታል፣ ቁልፉም ያለው የማይከፈተው ዲስክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መስፈርቱን በአቋራጭ እያለፉ መጫንን ለመሥሪያ ቤት አልመክርም፤ ማይክሮሶፍት በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚደክሙት ለዚያው ማሻሻያ ነው።

እስካሁን ለተጠቃሚው ጠበቃ ሆኜ ቆየሁ። መዘግየት የሚያስጠይቅበት ቦታም አለ፤ እሱም የደህንነት ፓች ነው። ማይክሮሶፍት በማርች 14 ቀን 2017 በፋይል መጋሪያው ፕሮቶኮል ውስጥ የነበረን ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ፓች አወጣ። በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ በሽተኛ ወደ ሌላ ቦታ ላኩ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በኤክስፒ ላይ ሲያላክክ ይሰማል። በብዛት የተመታው ግን ዊንዶውስ 7 ነው፤ ያኔ ገና ድጋፍ የነበረው፣ ፓቹም የወጣለት ሲስተም። የጎደለው ፓቹን መጫን ብቻ ነበር፤ ለዚያም ሁለት ወር ያህል ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ፓቹ የተጫነበት ዊንዶውስ 7 በዚያ ሳምንት ያለ ሐሳብ ሲሠራ ሰንብቷል።

ለዚህ ነው ሁለቱን ነገሮች ለያይተው እንዲይዟቸው የምመክረው። የቨርዥን ለውጥ ለጥቂት ወራት ቢዘገይ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት የሚሻለው ይኸው ነው። ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንኳ ከአንዱ የረጅም ጊዜ ቨርዥን ወደሚቀጥለው መሸጋገሪያውን ለተራ ተጠቃሚ የሚያቀርበው የመጀመሪያው የእርማት ቨርዥን ከወጣ በኋላ ነው። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «ቆይ» ይላሉ ማለት ነው። የወሩ የደህንነት ፓች ግን ከሳምንት ሁለት ሳምንት በላይ መቆየት የለበትም። ድጋፉ ባለቀ ሲስተም ላይ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ የሚመጣም የሚዘገይም ፓች የለምና። ነገሩም በየወሩ ይከፋል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የጋራ ኮድ አላቸው፤ ለ11 ፓች በወጣ ቁጥር አጥቂው ከፓቹ በፊት የነበረውንና ከፓቹ በኋላ ያለውን ፋይል አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበር ያገኛል፣ ከዚያም ያልተደፈነውን 10 ይፈልጋል። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር የሚሰነካከለው እዚህ ላይ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስለሆነ የእርስዎ ሠራተኞች አሁን ያሉት በዚህኛው ወገን ነው።

እንዴት ላሳምናቸው ላሉት፣ ማሳመኑን ይተዉትና ፍርሃቱን ያቅልሉት። የደህንነት ስብከት ብዙ አይሠራም። በየክፍሉ ይሂዱና «ይህ ማሽን ቢቆም በመጀመሪያ የሚያስጨንቅዎት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉ። የደመወዟ ቁልፍ፣ የቅጹ ርዝመት፣ የማክሮው ፎልደር የሚወጡት ከዚህ ጥያቄ እንጂ ከኔትወርክ መመዝገቢያው አይደለም። ቀጥሎ ከየክፍሉ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ኮምፒውተር የሚወደውን ወጣት ሳይሆን በጣም ነቆራ የሚያበዛውን። ወጣቱ ችግር ሲገጥመው ራሱ ይፈታዋል፣ እርስዎም ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ ነቆራ የሚያበዛው ግን አንዲት አታመልጠውም፣ ተስማምቶት ሥራውን ሲቀጥል ደግሞ የክፍሉ ሰው የሚያምነው እሱን ነው።

ከመጫንዎ በፊት የዲስኩን ሙሉ ኮፒ ይያዙ፤ ዶክዩመንትስ ፎልደርን ብቻ ሳይሆን መላውን ዲስክ። ከላዩ ሲሻሻል ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው የሚመለስበትን መንገድ ለ10 ቀን ያቆያል፤ ይህን ለሠራተኞቹ በግልጽ ይንገሯቸው። መመለስ እንደሚቻል ላወቀ ሰው መሄድ ቀላል ነው። እርስዎ ግን በዚህ ብቻ አይተማመኑ፣ ኮፒው የሚያዘው ለዚያ ነው። የወር መጨረሻንና የሒሳብ መዝጊያን ይሽሹ። ጠዋት ሲገቡ ስክሪኑ እንዳያስደነግጣቸው የታስክባሩን ምልክቶች ከመሐል ወደ ግራ ይመልሱላቸው፤ ሴቲንግ ውስጥ ከፐርሰናላይዜሽን ታስክባር ሥር ይገኛል። ሙሉውን የቀኝ ጠቅታ ሜኑ በሺፍትና ኤፍ 10 ማምጣት እንደሚቻልም አሳዩአቸው። ከረጅም ሥልጠና ይልቅ በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ሰው በየጠረጴዛው መዞሩ ይበልጣል።

ጨርሶ የማይሻገሩ ማሽኖች ይኖራሉ፤ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ የመቁረጫ ማሽን ወይም የበር መቆጣጠሪያ የተያያዘባቸው። እነሱን አያስገድዱ። ኢንተርኔት ያጥፉባቸው፣ ኢሜይል አይከፈትባቸው፣ በኔትወርክ ላይ የግድ ከሚያነጋግሩት አንድ ሰርቨር ጋር ብቻ ይገናኙ፣ የዩኤስቢ ፍላሽም በፈለገው ሰው አይሰካባቸው። መሣሪያው አዲስ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የሚያቀርበው በየትኛው ዊንዶውስ ላይ እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የተዘጋጀው ዊንዶውስ 10 አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2032 ድጋፍ አለው።

ለቀሩት፣ ጊዜ ካጠረዎት፣ ለድርጅቶች የተዘጋጀ የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ አለ። እስከ ሦስት ዓመት ሊገዛ ይችላል፤ ማብቂያው ኦክቶበር 2028 ነው። ማሽኖቹ በመጨረሻው ቨርዥን፣ በ22ኤች2 ላይ መሆን አለባቸው። ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ዘለው በሁለተኛው ልግባ ቢሉም የመጀመሪያውን ጭምር ይከፍላሉ። ስለዚህ የማሽኖቹን ዝርዝር ዛሬ ያውጡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በእርግጥ የማይሻገሩትን ይለዩ፣ ድጋፉን ለእነሱ ብቻ ይግዙ።